ስንዝርና ክንድ

ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ዓርብ ምሽት። እሠራበት በነበረው ሆቴል ቡና ቤት ውስጥ ባዶ ወንበር አልተረፈም፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው የተቀመጡም ነበሩ። ፍልሰታ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ የሚበዛው ሻይና አምቦ ውኃ ነው። የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የአቴንስ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍፃሜ። ኃይሌ ሦስተኛ ወርቁን ይወስዳል ወይስ ቀነኒሳ ይረከበዋል? ክርክሩ ጦፏል።

እኔ የሆቴሉ የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ ነበርኩ። ክሎሪን እበትናለሁ፣ ቅጠል እለቅማለሁ፣ ዋና የማይችል እንግዳ ወደ ጥልቁ እንዳይሄድ እከለክላለሁ። ሩጫው እስኪደርስ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ዋና ነበር። ለሰዉ ያ እንደ ማስታወቂያ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። የእኔ ዓይን ግን ከውኃው አልነቀል አለ። ስምንት ሴቶች በጀርባቸው ተንጋለው ይቀዝፋሉ። ከቀደመችው ልጅ ስም ጎን የወጣው ባንዲራ የአሜሪካም የአውስትራሊያም አልነበረም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ወፍ።

«ዚምባብዌ!» ብዬ ጮህኩ።

«ጀመሩ እንዴ?» አለ አንዱ አስተናጋጅ፣ ትሪውን እንደያዘ ወደ ቴሌቪዥኑ እየሮጠ። ውኃ መሆኑን ሲያይ ገላመጠኝና ተመለሰ።

ልጅቱ 200 ሜትሩን በ2፡09.19 ጨርሳ ግድግዳውን ነካች። ሁለት ደቂቃ፣ ዘጠኝ ሰከንድ፣ ከአሥራ ዘጠኝ መቶኛ። ወርቅ! ቆየት ብሎ ቀነኒሳ በ27፡05.10 ገባ፣ ስለሺ ተከተለው፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እኔም ከሰው ጋር ዘለልኩ። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን ሐሳቤ ከዚያች ልጅ ጋር ነበር። ባሕር ከሌለው የአፍሪካ አገር ተነሥታ እንዴት እዚያ ደረሰች?

ይኸው ሃያ ዓመት አለፈ። አሁን ገንዳ ጠባቂ ሳልሆን የዋና አስተማሪ ነኝ፤ ልጆቹ «ኮች» ይሉኛል። ያቺን ልጅ፣ ኪርስቲ ኮቨንትሪን፣ በአካል አግኝቻት አላውቅም። ውድድሮቿን ግን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ ከማስተምረው ግማሹ የተቀዳው ከእነሱ ነው።

ባሕር የሌለው አገር ልጅ

ኮቨንትሪ የተወለደችው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1983 ሐራሬ ውስጥ ነው። (ከዚህ በኋላ ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አገሯ ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ዚምባብዌ እንደኛ ወደብ የላትም፤ ሐራሬም ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋማ ከተማ ናት። ከኛ የምትለየው ከቅኝ ግዛት ዘመን በቀሩት የከተማ ትምህርት ቤቶቿ ነው። ብዙዎቹ ገንዳ አላቸው፣ ተማሪዎችም በዋና ይወዳደራሉ። እሷም በዶሚኒካን ኮንቬንት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተምራ ያደገች የዚያ ልማድ ልጅ ናት።

ለ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ የሄደችው ገና ተማሪ ሳለች ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ማግስት ነበር። ሜዳሊያ አላገኘችም፤ ሆኖም በኦሊምፒክ ግማሽ ፍፃሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ ዚምባብዌያዊት ዋናተኛ ሆነች። ቀጥሎ ወደ አሜሪካ ተሻግራ አላባማ በሚገኘው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ በአሰልጣኝ ዴቪድ ማርሽ ሥር ገባች። የተማረችው የሆቴልና ሬስቶራንት አስተዳደር ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እኔን ሆቴል ወደ ዋና ወሰደኝ፣ እሷን ዋና ወደ ሆቴል ትምህርት ወሰዳት።

በ2002 በማንቸስተር የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች በ200 ሜትር የተደባለቀ ቀዘፋ ወርቅ አገኘች። በተደባለቀ ቀዘፋ ዋናተኛው መጀመሪያ በቢራቢሮ፣ ቀጥሎ በጀርባ፣ ከዚያ በደረት፣ በመጨረሻም በነፃ ቀዘፋ ይዋኛል። አንዱ የጎደለው ሰው እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ከዚያ አቴንስ መጣ። በ100 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ከአሜሪካዊቷ ናታሊ ኮግሊን ቀጥላ ብር፣ በ200 ሜትር የተደባለቀ ነሐስ፣ በዚያች የፍልሰታ ዓርብ ደግሞ ወርቅ። እስከዚያ ድረስ ዚምባብዌ በስሟ የነበራት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የሴቶች ሆኪ ቡድን በ1980 ሞስኮ ላይ ያገኘው ወርቅ ነው፤ የኛው ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ በነገሠበት ኦሊምፒክ። ይህች ልጅ በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት ጨመረችበት።

ወቅቱ በዚምባብዌ መሬት ከነጭ ገበሬዎች የሚነጠቅበት፣ ፖለቲካው በቆዳ ቀለም የሚካረርበት ነበር። እሷ ነጭ ናት። ሐራሬ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ግን በጭፈራ የተቀበላት የጥቁሮች ጎርፍ ነበር። በዚያ ሰሞን ሕፃናት በስሟና በሜዳሊያዎቿ ስም ሳይቀር መሰየማቸው ተዘግቧል። አንድ ሕዝብ በሌላው ነገር ሁሉ ሲከፋፈል በአንድ ዋናተኛ ተስማማ።

ግድግዳውን የማታየው

የጀርባ ቀዘፋን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ ላስረዳ። በሌሎቹ የዋና ዓይነቶች ተወዳዳሪው ከመነሻው ሰሌዳ ላይ ወደ ውኃ ይወረወራል። የጀርባ ዋናተኛ የሚነሣው ከውኃው ውስጥ ነው፦ እጀታ ይጨብጣል፣ እግሩን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል፣ ድምፁ ሲሰማ ወደ ኋላው ይፈናጠራል። ከዚያ እስከ 15 ሜትር ድረስ በውኃ ውስጥ እንደ ዓሣ እየተርገፈገፈ መሄድ ይፈቀድለታል፤ ከዚያ በፊት ጭንቅላቱ መውጣት አለበት። ከወጣም በኋላ የሚያየው ጣሪያ ነው። ከፊቱ ማን እንዳለ፣ ግድግዳው ምን ያህል እንደቀረ አያይም። ዞር ብሎ ልይ ቢል ሰውነቱ ይጣመማል፣ ውኃውም ይይዘዋል።

ውኃ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ፍጥነትህን እጥፍ ልታደርግ ስትሞክር የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ቀነኒሳ በዚያች ምሽት በአማካይ በሰከንድ ስድስት ሜትር ከፍ ያለ ርቀት ሮጧል። ኮቨንትሪ በ200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ በሕይወቷ ምርጥ በሚባሉት ቀናት በሰከንድ ያለፈችው አንድ ሜትር ከ60 ሳንቲም ገደማ ብቻ ነው። በውኃ ውስጥ ፍጥነት ከጉልበት ይልቅ የሚገኘው ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ውኃውን ባለማስቆጣት ነው።

ግድግዳውን የሚጠቁመው ታዲያ ምንድን ነው? ከግድግዳው አምስት ሜትር ሲቀር በገንዳው ላይ ተሻግሮ የተወጠረ የትናንሽ ባንዲራ ገመድ አለ። ዋናተኛዋ ባንዲራውን ከበላይዋ ስታይ መቁጠር ትጀምራለች። ስንት ጊዜ ክንዷን ስትወረውር ግድግዳው እንደሚደርስ በልምምድ ታውቃለች። ቁጥሯ ከጎደለ ጭንቅላቷ ይመታል፤ ከበዛ ተንሳፋ ትደርሳለች፣ ውድድሩም ያልቅባታል።

እኔ የማስተምርበት ገንዳ ባንዲራ አልነበረውም። ይገዛልን ብዬ ጠይቄ «ለጌጥ የሚሆን በጀት የለም» ተባልኩ። ከገበያ ሲባጎ ገዛሁ፣ ቀይና ቢጫ ፌስታል በሦስት ማዕዘን ቆረጥኩ፣ በየስንዝሩ አሰርኩና ከአንዱ የመብራት ምሰሶ ወደ ሌላው ወጠርኩት። ነፋስ ሲነሣ እንደ ሠርግ ቤት ይንሿሿል። አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ተማሪዬ ግን መቁጠሩ አልገባ አላት። ባንዲራው ሥር ስትደርስ ፈርታ ትቆማለች፣ ዞራ ታያለች፣ እንደገና ትጀምራለች። አንድ ቀን ደፍራ ሳትቆም ቀጠለችና በአናቷ ግድግዳውን ገጨችው። እናቷ ጋቢ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ኮች፣ ይሄ ነገር ለምን በደረት አይሆንም?» አለችኝ ልጅቱ እያለቀሰች።

«ሦስት ስትቆጥሪ አራት ነው የወረወርሽው» አልኳት። «ስትፈሪ ቁጥሩ ይዘገይብሻል።»

የአሥራ ስድስት ዓመት ሰዓት

በ1991 ኦገስት ላይ አቴንስ ውስጥ በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና አንዲት ሃንጋሪያዊት ታዳጊ 200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋን በ2፡06.62 ጨረሰች። ክሪስቲና ኤገርሰጊ ትባላለች፤ የአገሯ ሰዎች በስሟ እየተጫወቱ «ትንሿ አይጥ» ይሏታል። በሴኡል፣ በባርሴሎናና በአትላንታ፣ በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒክ፣ በዚህ ርቀት ወርቅ የወሰደች ናት። ያስመዘገበችው ሰዓት ማንም ሳይነካው ዓመታት ነጎዱ። ክብረ ወሰኑ ሲሰበር ኤገርሰጊ ዋና ካቆመች አሥር ዓመት አልፏት ነበር።

የሰበረችው ኮቨንትሪ ናት። ፌብሩዋሪ 2008፣ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ 2፡06.39። ሰዓቱ ሲመዘገብ ስምንት ዓመት ያልሞላት ሕፃን የነበረችው ልጅ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በ23 መቶኛ ሰከንድ አለፈችው። ከዚያ በፊት በ2005 በሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮና በ100ም በ200ም ሜትር የጀርባ ቀዘፋ አሸንፋ፣ በሁለቱም የተደባለቀ ውድድሮች ብር አግኝታ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚያደናግረውን ነገር ላጥራ። ሜዳሊያ የሚገኘው አጠገብህ ያለውን በመቅደም ነው፤ ክብረ ወሰን የሚሰበረው ደግሞ የሌለን ሰው፣ ምናልባት ከዓመታት በፊት በሌላ ገንዳ የዋኘን ሰው፣ በመቅደም ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የዓለም ክብረ ወሰን ከነበረው ሰዓት ፈጥነህ መሸነፍ ትችላለህ። ኮቨንትሪ ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀምሳዋለች።

በስንዝር መሸነፍ

ቤጂንግ፣ ኦገስት 2008። የፍፃሜ ውድድሮቹ የሚደረጉት በቤጂንግ ጠዋት ነበር፤ እዚህ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። እያንዳንዷን ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቴሌቪዥን ፊት ነግቶብኛል። በማግስቱ ጠዋት ገንዳው ዳር ስደርስ የመጀመሪያ ሥራዬ መለካት ሆነ። ስንዝሬን በሜትር ለክቼዋለሁ፣ ሃያ ሁለት ሳንቲም ነው። ክንዴ ግማሽ ሜትር ይሞላል።

ኦገስት 10፣ 400 ሜትር የተደባለቀ። አውስትራሊያዊቷ ስቴፋኒ ራይስ 4፡29.45፣ ኮቨንትሪ 4፡29.89። የቀድሞው የዓለም ክብረ ወሰን 4፡31.12 ስለነበር ሁለቱም አልፈውታል፤ ራይስ ወርቅና ክብረ ወሰን፣ ኮቨንትሪ ብር። ልዩነቱ 44 መቶኛ ሰከንድ ነው። በአማካይ ፍጥነቷ ሳሰላው ክንድ ከፍ ይላል፣ ክንድ ተኩል ግን አይሞላም። ከ400 ሜትር በኋላ!

በማግስቱ በ100 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ግማሽ ፍፃሜ 58.77 ገብታ የኮግሊንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። እንግዲህ ወርቁ የእሷ ነው አልን። በፍፃሜው ኮግሊን 58.96፣ ኮቨንትሪ 59.19። ኮግሊን የወሰደችው ወርቅ ኮቨንትሪ ከአንድ ቀን በፊት ካስመዘገበችው ሰዓት ዘግይቶ የተገኘ ነው። ሆኖም ሜዳሊያ የሚሰጠው በፍፃሜው ቀን ነው። የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ሁለት ስንዝር አይሞላም።

ኦገስት 13፣ 200 ሜትር የተደባለቀ። ራይስ 2፡08.45፣ ኮቨንትሪ 2፡08.59። ሁለቱም እንደገና ከነባሩ ክብረ ወሰን በታች ገቡ፣ ብሩም እንደገና ለኮቨንትሪ። አሥራ አራት መቶኛ ሰከንድ። ያን ጠዋት ገንዳው ባዶ ነበር። ተንበርክኬ እጄን የግድግዳው ሸክላ ላይ ዘረጋሁ፤ ከአውራ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ። ልክ አንድ ስንዝር። ያቺ ሴት ሁለት መቶ ሜትር በአራት ዓይነት ቀዘፋ ዋኝታ ያጣችው ይህችን ነው።

መለኪያው እንዴት ይታመናል ለሚል፣ በግድግዳው ላይ የሚንጠለጠል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ፤ እጅ ሲጫነው ሰዓቱ ይቆማል። ሰዓቱ በሺህኛ ሰከንድ ሊለካ ይችል ነበር፤ ተሞክሮም ያውቃል። በ1972 ሙኒክ ላይ በወንዶች 400 ሜትር የተደባለቀ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን አሜሪካዊውን ቲም ማኪን በሁለት ሺህኛ ሰከንድ ቀደመው ተባለ። ያ በውኃ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሆንም። የገንዳው ግድግዳ ራሱ በዚያ ልክ እኩል አይገነባም፤ ስለዚህ ዋና ከዚያ በኋላ በመቶኛ ብቻ እንዲዳኝ ተወሰነ። እኩል ከሆኑ ሜዳሊያውን ይጋራሉ። አቴንስ ላይ እሷ ወርቅ በወሰደችበት ውድድር ነሐሱን ጃፓናዊቷ ሬይኮ ናካሙራና ጀርመናዊቷ አንትየ ቡሽሹልተ የተካፈሉት ለዚህ ነው።

ነሐሴ 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ማታ ጥሩነሽ ዲባባ 10 ሺህ ሜትሩን በ29፡54.66 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ሰፈራችን ሲጨፍር አመሸ። እኔ ግን አልተኛሁም፤ ሊነጋጋ ሲል የኮቨንትሪ የመጨረሻ ውድድር ነበር። የ200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ክብረ ወሰን በዚያ ሰሞን በእጇ አልነበረም። በጁላይ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሆልዘር 2፡06.09 ገብታ ወስዳባት ነበር። ሆልዘርም እዚያው ገንዳው ውስጥ አለች። ሦስት ብር አንገቱ ላይ ያለ ሰው፣ ሦስቱም ጊዜ ሊነካው ሲል ያመለጠው ሰው፣ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ እያየ ምን ያስባል?

ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ያየሁት ቁጥሯን አለማዛባቷን ነው። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሳትቸኩልም ሳትዘገይም ደረሰች፤ በመጨረሻው ሃምሳ ሜትር ክንዷ እንደ መጀመሪያው ነበር። 2፡05.24። የዓለም ክብረ ወሰን። ሆልዘር 2፡06.23። ልዩነቱ 99 መቶኛ ሰከንድ፤ ለካሁት፣ ሦስት ክንድ። ሰው «ስንዝር ቢሰጡት ክንድ» የሚለው ለስግብግብ ነው። እሷ ስንዝር ተነጥቃ ክንድ መለሰች።

ፕሬዚዳንት ሙጋቤ ስትመለስ 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ሸለሟት፤ «ወርቃማዋ ልጃችን» አሏት። የአገሪቱ ገንዘብ በዚያን ጊዜ ወረቀት ብቻ ሆኖ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ማዕከላዊ ባንኩ ባለ 100 ትሪሊዮን ኖት አሳተመ። በዚያ ችጋር መሐል ያ ሽልማት ያስቆጣው ሰው ነበር ቢባል አይገርመኝም።

የልብሱ ዘመን

የእነዚያን ዓመታት ሰዓት ስናነሣ ልብሱን መርሳት አንችልም። በ2008 ሰውነትን አጣብቆ የሚይዝ፣ ውኃ የማይመጥ አዲስ የዋና ልብስ ወጣ። በ2009 ደግሞ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠሩ መጡ። ልብሱ ሰውነትን ወደ ላይ ያንሳፍፋል፣ ሥጋው እንዳይንቀጠቀጥ ይጨመድዳል። በ2009 በሮም የዓለም ሻምፒዮና ብቻ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ከ2010 መግቢያ ጀምሮ ታገደ፤ ከጨርቅ የተሠራ ብቻ፣ ለሴቶች ከትከሻ እስከ ጉልበት ድረስ ተፈቀደ።

ኮቨንትሪም በዚያች ሮም 2፡04.81 ገብታ የራሷን ክብረ ወሰን አሻሻለች። ሩሲያዊቷ አናስታሲያ ዙየቫ በ13 መቶኛ ሰከንድ ተከተለቻት፤ ይህኛው ስንዝር ወደ እሷ አደላ። «የልብስ ሰዓት ነው» የሚሉ አሉ፤ ከፊሉ እውነት ነው። ግን ያን ልብስ ስምንቱም ተወዳዳሪዎች መልበስ ይችሉ ነበር፤ የቀደመችው አንዷ ናት። አሜሪካዊቷ ሚሲ ፍራንክሊን በጨርቅ ልብስ 2፡04.06 የገባችው በ2012 ለንደን ላይ ነው፤ ዕድሜዋ 17 ነበር። የኤገርሰጊን ሰዓት የሰበረችው ኮቨንትሪ በተራዋ በዚያው ፍፃሜ ላይ ሆና የእሷ ሲሰበር አየች። ስድስተኛ ወጣች።

ከውኃው በኋላ

ሪዮ 2016 አምስተኛዋና የመጨረሻዋ ኦሊምፒክ ነበር። በ200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ አሁንም ስድስተኛ። ቀኑ ኦገስት 12 ነው፤ የዚያኑ ዕለት ጠዋት አልማዝ አያና 10 ሺህ ሜትርን በ29፡17.45 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራለች። በሦስት ኦሊምፒክ የኮቨንትሪና የኛ ቀን አብሮ ሲውል ወይም ሲጎራበት እኛ ያየነው መሙን ብቻ ነው።

በዚያው ሪዮ የኛ ዋናተኛ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 1፡04.95 ገብቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ሲሆን ዓለም ሳቀበት፤ እኛም አብረን ሳቅን። እኔን ያናደደኝ ሰዓቱ አልነበረም። የሚስቀው ሰው አንድም ጊዜ «ገንዳው የት አለና?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። ሯጭ ከደጁ ወጥቶ መሮጥ ይችላል። ዋናተኛ ግን አንድ ሰው ገንዳ ካልቆፈረለት፣ ሌላው ውኃውን ካላጸዳለት፣ ሦስተኛው ባንዲራውን ካልወጠረለት ዋናተኛ አይሆንም። ኮቨንትሪም ብትሆን ከሐራሬ የትምህርት ቤት ገንዳ ወደ አላባማ የዩኒቨርሲቲ ገንዳ ተሸጋግራ ነው።

ሰባት ሜዳሊያ ይዛ ወጣች፤ ሁለት ወርቅ፣ አራት ብር፣ አንድ ነሐስ፣ ሁሉም በግል። አገሯ በታሪኳ ካገኘቻቸው ስምንት የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ሰባቱ የእሷ ናቸው። በ2018 የዚምባብዌ የወጣቶች፣ የስፖርት፣ የሥነ ጥበብና መዝናኛ ሚኒስትር ሆነች። ይህ ወንበር እንደ ውኃው አልተመቻትም። በእሷ ዘመን ፊፋ በመንግሥት ጣልቃ ገብነት ምክንያት አገሪቱን ከፌብሩዋሪ 2022 እስከ ጁላይ 2023 ከእግር ኳስ አግዷታል፤ በጨካኝ መንግሥት ውስጥ ምን ትሠራለች ብለው የተቹዋትም ብዙ ናቸው። ትችቱ ተገቢ ነው፤ ሜዳሊያ ሹመትን አያጸድቅም።

ማርች 20 ቀን 2025፣ ወርቋን መጀመሪያ ባገኘችበት በግሪክ ምድር፣ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባላት ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ተሰበሰቡ። ዕጩዎቹ ሰባት ነበሩ። ድምፅ ከሰጡት 97 አባላት 49ኙ በመጀመሪያው ዙር መረጧት። በ1894 በተመሠረተው ድርጅት ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋም የአፍሪካ ሰው። 97 ለሁለት ሲከፈል አብላጫው 49 ነው፤ አንድ ድምፅ ቢጎድል ሁለተኛ ዙር ይሆን ነበር። ዜናውን ስሰማ ሳላስበው ስንዝሬን ዘረጋሁ።

ያን ሰሞን ለተማሪዎቼ የቤጂንጉን ውድድር በስልኬ አሳየኋቸው። ገንዳው ዳር በፎጣ ተጠቅልለው ተኮልኩለው አዩት። ሲያልቅ ወንዶቹ «አሸነፈች!» ብለው አጨበጨቡና ወደ ውኃው ሮጡ። አናቷን የገጨችው ልጅ ግን አልተነሣችም።

«ኮች፣ ከባንዲራው ወዲህ ስንት ነው የምትቆጥረው?»

«አላየሁም» አልኳት፤ እውነቴን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሰዓቱን ሳይ ቆጥሬው አላውቅም።

ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ወደ መጨረሻው ሃምሳ ሜትር መለሰችው፣ ባንዲራው እስኪመጣ ጠበቀች፣ ከዚያ በጣቷ ጉልበቷን እየነካች መቁጠር ጀመረች።